«ክትፎ ነው»

ጉብሬ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የድንገተኛ ክፍሉ አንጋፋ ነርስ ሲስተር አልማዝ የግፊት መለኪያውንና የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ አስረከበችኝ። «በመስቀል ሳምንት ሆዴን እያለ የሚመጣ ሁሉ ክትፎ ነው» አለችኝ። «የጨጓራ ሽሮፕ ትሰጪዋለሽ፣ ያገሳል፣ ይሄዳል።» ሳቅን። እውነቷንም ነበር።

እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ፣ ሙስሊም። ስለዚህ የመስቀል ተረኛ እኔ፣ የዒድ ተረኛ ክርስቲያን ባልደረቦቼ ሆንን። ማንም አላስገደደኝም። ግን እነሱ ወደ ቸሃ፣ ወደየቤተሰቦቻቸው ሲበተኑ ኮሪደሩ ውስጥ የራሴን ጫማ ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር።

በአንዱ መስቀል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ወንድማማቾችና የታላቅየው ሚስት በባጃጅ መጡ። ታላቅየው ጋሽ ወልዴ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዕለት ነው። እጃቸውን ከደረታቸው በታች ጭነው ጎብጠዋል።

«ምን ሆኑ?» አልኩ።

«ክትፎ ነዋ!» አለ ታናሽየው። «የአዲስ አበባ ሆድ የአገር ቤት ቅቤ መቼ ይችላል?»

ጋሽ ወልዴ ጥርሳቸውን ነክሰው አቃሰቱ።

ሽሮፑን አንስቻለሁ። ጠዋት የመጡት ሁሉ በእሱ ተሽሏቸው ሄደዋል። ሌላ ነርስ ብትኖር «እርግጠኛ ነሽ?» ትለኝ ይሆናል። ማንም የለም። ክዳኑን እየከፈትኩ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «ብዙ በሉ እንዴ?» አልኩ።

«ኧረ ሲስተር፣ ገና መች ቀመሰና!» አለች ሚስታቸው። «ከመኪና ዕቃ ሲያወርድ ነው የያዘው። ይሄ ወንድሙ ከጎረቤት መጥቶ ክትፎ ነው ሲል እኛም አመንን።»

ጠርሙሱን አስቀመጥኩ። ግንባራቸው ላይ የነበረውን ላብ ያኔ ነው ያየሁት። የልብ ሕመም እንዳይሆን ፈርቼ፣ ደም እንዳይረጋ አስፕሪን አስኘኳቸውና አምቡላንስ ጠርቼ ወልቂጤ ወዳለው ሆስፒታል ላክኋቸው።

አመሻሹ ላይ ሾፌሩ ደወለ። «ልባቸው ነው። ነርሷ ደርሳላቸዋለች ብለዋል ሐኪሞቹ።» ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። የጥበቃው ወንበር እንኳ ባዶ ነበር። አለቀስኩ።

በሚቀጥለው መስቀል ደግሞ ሆዴን ያለ ሁሉ የልብ ሕመምተኛ ሆኖ ታየኝ። የመጣውን ሁሉ ወደ ሆስፒታል ስሰድ የሆስፒታሉ ተረኛ ሐኪም ደወለልኝ። «ሲስተር ዘይነባ፣ ዛሬ የላክሽው ሰውዬ እዚህ ሳይደርስ መንገድ ላይ አግስቶ ተሻለው። አምቡላንሷን ለወላድ እናቶች ብናቆያት አይሻልም?» አፈርኩ። ከክትፎ ሸሽቼ ጋሽ ወልዴ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

አንድ ሐሳብ ቶሎ የሚመጣልን ደጋግመን ስላየነው ወይም አንዴ ክፉኛ ስላስደነገጠን ነው። ሁለቱም በሽተኛውን መመርመር አይደለም። ብቻዬን ተረኛ ስሆን የሚቃወመኝ ሰው ስለሌለ፣ ያሰብኩትን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። መልሱን እስክሰማ፣ ሽሮፑንም ስልኩንም እንዳላነሳ እጄን ኪሴ ውስጥ አደርጋለሁ።