«ውሃ ነው» ባዮች

ላፕቶፕ የሚባል ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ ዕለት ከጎኑ ቀይ ሻይ ይንጠባጠብ ነበር። ያን ጊዜ ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከከድር ሱቅ አንድ ጥግ ተከራይቼ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ አምፖል፣ የባትሪ ድንጋይና የኤሌክትሪክ ገመድ ይሸጣል።

ዕቃውን ያመጣው የአንድ ወረዳ ሹም ነው። ሾፌሩ ቦርሳውን ይዞ ተከተለው። ቢፒአር የሚባለው የሥራ ማሻሻያ የመጣበት ጊዜ ስለነበር በየጽሕፈት ቤቱ ላፕቶፕ ይታደል ነበር። ማደሉን ሁሉም ቻለበት። አጠገቡ ሻይ አታስቀምጡ ብሎ ያስተማረ ግን አልነበረም።

«ምን ፈሰሰበት?» አልኩት።

«ውሃ ነው።»

«ሻይ ይመስላል፣ ጌታዬ።»

«ውሃ ነው አልኩህ! ጠርገነዋል እኮ። አብራው።»

ባትሪውን ልነቅል እጄን ስዘረጋ ቀደመኝና ማብሪያውን ራሱ ተጫነው። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሹሙ ወደ ሾፌሩ ዞረና «አየህ? አቃጠለው!» አለ። ሾፌሩ ሻዩ እየተንጠባጠበበት ያለውን ጫማውን አየና «አዎ፣ አቃጠለው» አለ።

ሲወጡ ከድር ከባንኮኒው ጀርባ፣ «አንተ ጴንጤ፣ የእናንተ አገር ውሃ ስኳር አለው እንዴ?» አለኝ።

ያን ቀን አንድ ደንብ አወጣሁ። የፈሰሰው ነገር በስሙ ካልተጠራልኝ ካቻቢቴ አላነሳም።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ላፕቶፕ መፍታት የተማርኩት ከሞቱ ላፕቶፖች ነው። የሞተ ዕቃ አይዋሽም። የፈሰሰበትን ነገር የሄደበትን መንገድ ጭምር ያሳያል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ፣ ባትሪው ቶሎ ተነቅሎ በደንብ ከደረቀ፣ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ሻይ፣ ለስላሳ፣ ወተት ሲሆን ግን ውሃው ይተንናል፤ ስኳሩና ቅባቱ ይቀራል። የቀረው ነገር እርጥበት ይስባል፣ የማይገናኙትን መስመሮች ያገናኛል፣ ቀስ ብሎም መዳቡን ይበላዋል። ከላይ ሲያዩት ደርቋል፤ ከውስጥ ግን ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህ ሳይበራ መታጠብ አለበት።

ይህን «መታጠብ» የሚለውን ቃል ስናገር ያልሳቀብኝ ሰው የለም። አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ዕቃዋን ከእጄ ነጥቃ፣ «ረጠበብኝ ብዬ ባመጣሁት ደግመህ ልትነክረው ነው? አንተ ልብስ አጣቢ ነህ ወይስ ጠጋኝ?» ብላኝ ሄደች። አንድ የእህል ነጋዴ ደግሞ ደረቅ እህል እርጥበት ይስባል ሲባል ሰምቶ፣ ሩዝ ስላልነበረው ላፕቶፑን የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀብሮት አደረ። የፈሰሰበት ወተት ነበር። ኪቦርዱን ሳነሳ ያገኘሁት ሊጥ ነው። ከድር አንገቱን አስግጎ አየና «እሳት ነው የጎደለው» አለ። ነጋዴው ተቆጣ። በእኔ ለምን እንደሚቆጣ ግን አልገባኝም።

የማጥበው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ከጋራዥ የሚገዛ የባትሪ ውሃ ነው፤ ብዙ ሰው አሲድ ይመስለዋል፣ ግን ጨውና ቆሻሻ የሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከፋርማሲ የሚገዛ ጠንካራ አልኮል ነው። የጥርስ ብሩሽ በአልኮሉ እየነከርኩ ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ እፈትጋለሁ። አልኮሉ የቀረውን ውሃ ይዞ ቶሎ ይተንናል። ይዞት የማይሄደው አንድ ነገር ቢኖር በእኔ ሸሚዝ ላይ የሚቀረው ሽታ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን መጠጥ የጠጣ ሰው መድረክ ላይ አይቆምም፤ ከኅብረትም ሊታገድ ይችላል። አንድ እሑድ ሴት ልጄ ከሰንበት ትምህርት እያለቀሰች መጣች። «አባዬ፣ አባትሽ ይጠጣል አሉኝ።» አላባበልኳትም። ጠርሙሱን ከፍቼ አስሸተትኳትና «ይህ የሥራ ዕቃ ነው። የሚያወሩት ደግሞ ሥራ የሌላቸው ናቸው» አልኳት። እንባዋን ጠርጋ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

ብዙ ሳይቆይ ጋሽ አንጁሎ ሱቅ ድረስ መጡ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት ሠርተዋል።

«ወንድም ታደለ፣ ስለ አንተ የሚወራ ነገር አለ።»

«ምን ይወራል፣ ጋሼ?»

«ሽታ።»

ጠርሙሱንና ብሩሹን ፊታቸው አስቀመጥኩ። «ይኸው። የምጠጣው በዚህ ብሩሽ ነው።»

አልሳቁም። «ሽታ የሌለው ነገር አይገኝም? ለደካሞች መሰናክል እንዳትሆን ብዬ ነው» አሉኝ። ደካማ የሚሉት አፍንጫውን እንጂ ጭንቅላቱን የማያሠራውን ሰው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ተቀይመው ሄዱ። እስከ ዛሬም ያንን ጥያቄ በመጠየቄ አልጸጸትም።

ከዚያ በኋላ ሱቄን የረገጡት ምህረቱን ይዘው ነው። ምህረቱ የመዘምራኑ መሪ ነበር። በገጠር ያሉ የመጀመሪያዎቹ አማኞች በወላይትኛ የገጠሟቸውን አሮጌ መዝሙሮች መንደር ለመንደር እየዞረ፣ አዛውንቶቹን እያስዘመረ፣ በላፕቶፑ ይቀዳ ነበር። እስከ ሃላሌ ድረስ ወርዷል። ከዘመሩለት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ከቀዳቸው በኋላ ሞተዋል። እነዚያ ድምፆች ከዚያ ላፕቶፕ በስተቀር የትም አልነበሩም።

«ፍላሽ ላይ ለምን አልገለበጥከውም?» አልኩት።

«ቫይረስ ፈርቼ።»

ቫይረስ የፈራ ሰው ፈሳሽ አይፈራም ማለት ነው። ጋሽ አንጁሎ ግን ለተግሣጽ ጊዜ አልነበራቸውም።

«ለቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ መዝሙሮቹ ያስፈልጋሉ። ውሃ ነው የፈሰሰበት። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል። አብራውና እንይ።»

«ሲፈስ እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ አልነበርኩም። እሱ ነገረኝ።»

«እንግዲያው እሱ ይንገረኝ።»

«ውሃ ነው» አለ ምህረቱ። ዓይኑ የከድር መደርደሪያ ላይ ያሉትን አምፖሎች ይቆጥራል።

«ከፈሰሰበት ወዲህ አብርተኸዋል?»

«አላበራሁም። ወዲያው ነው የጠፋው፤ ፈራሁ።»

ፍርሃቱ ለአንድ ጊዜ ጠቀመው። ባትሪውን ነቅዬ ኪቦርዱ ላይ አንድ ፊደል ተጫንኩ። ወርዶ ቀረ። ሌላ ተጫንኩ። እሱም ቀረ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ወላይታ ምድር ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የኮመጠጠ ሽታ ነው። አወቅሁት፤ ግን አልጠራሁትም። እኔ ከጠራሁት ክስ ይሆናል።

«ውሃ ፊደል አያጣብቅም» አልኩ።

«የገጠር ውሃ ነዋ፣ ጭቃ አለው» አሉ ጋሽ አንጁሎ፤ ቻርጀሩንም ከቦርሳው አውጥተው ሶኬት መፈለግ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ አለኝ። ሶኬቱን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«ምህረቱ፣ ስማኝ። ሃርድ ዲስኩ ያለው ስትጽፍ እጅህን ከምታሳርፍበት ሥር ነው። መዝሙሮችህ ያሉት እሱ ላይ ነው። የፈሰሰው እዚያ ደርሶ ከሆነ፣ ሳይታጠብ ኤሌክትሪክ ካገኘ ይቃጠላል። ዕቃው የእናንተ ነው። አንድ ጊዜ ደግመህ ‹ውሃ ነው› በለኝና እጄን አነሳለሁ። ጋሼ ይሰኩታል።»

ምህረቱ ሶኬቱን የሸፈነውን እጄን አየ። ጋሽ አንጁሎ «በል እንጂ፣ ንገረው!» አሉ።

ከድር አላስችል ብሎት፣ «ለስላሳ ነው በልና ተገላገል፣ ወንድሜ» አለ።

«ለስላሳ አይደለም» አለ ምህረቱ። ላቡ በአፍንጫው ይወርዳል። «ፓርሶ ነው።»

ፓርሶ የእኛ አገር ጠላ ነው። ቻርጀሩ ከጋሽ አንጁሎ እጅ ወደ ጠረጴዛው ወረደ።

«ጠጣህ?»

«አልጠጣሁም፣ ጋሼ። ላፕቶፑ ነው የጠጣው።»

ከድር ባንኮኒው ሥር ዕቃ የወደቀበት መስሎ ጎንበስ አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

ምህረቱ ነገሩን ተናገረ። ጉኑኖ አካባቢ አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሄዶ ነበር። ሰውየው ድሮ ዘማሪ ነበሩ፤ በኋላ ግን ከቤተ ክርስቲያን ርቀዋል፤ በቤታቸውም ፓርሶ ይጠመቃል። ዘምረው ሲጨርሱ በቅል ቀድተው «ኡያ» አሉት፤ ጠጣ ማለት ነው። አልጠጣም አለ። ለመኑት። አልጠጣም አለ። በስተመጨረሻ ቅሉን ወደ አፉ ሲያስጠጉበት በእጁ ገፋ አደረገው። ቅሉ ኪቦርዱ ላይ ተገለበጠ።

«ይህን ማን ያምንሃል?» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «ፓርሶ ቤት ተቀምጠህ፣ ፓርሶ ፈሶብህ፣ መጀመሪያ ውሃ ነው ብለህ፣ አሁን አልጠጣሁም?»

እኔ ካቻቢቴዬን አነሳሁ፤ እነሱን ነገ ተመለሱ አልኳቸው።

ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ። ከሥሩ ያለችውን አረንጓዴ ሰሌዳ የያዙት ብሎኖች እንደ ኮከብ ጥርስ ያላቸው ናቸው፤ ለነሱ የሚሆን ትንሽ ካቻቢቴ አለኝ። ሰሌዳዋን ሳነሳ ቡናማ ልባስ ተጋግሮባታል፤ መሐሉ ላይ የብቅል ገለባ ተለጥፏል። ያ ቻርጀር ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር። በባትሪ ውሃ አራስኩት፣ በብሩሽ አስለቀቅሁት፣ ሰሌዳዋን በአልኮል ደጋግሜ አጠብኳት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ነፋስ ላይ አስቀመጥኳት። ማዘርቦርዱ ግን አልዳነም። ፀሐይ ላይ በተሰጣበት ጊዜ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። ዕለቱን ቢመጣ ይድን ነበር፤ ዕለቱን ያልመጣው ምህረቱ ምን ብሎ እንደሚዋሽ እስኪያስብ ነው።

በማግሥቱ ሁለቱም መጡ። ሃርድ ዲስኩን በገመድ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ዞረ። ፋይሎቹ ወጡ። ምህረቱ ወንበር ሳይሰጠው ተቀመጠ።

መጨረሻ የተቀዳውን ከፈትኩ። የጉኑኖው ሰው ድምፅ ነው። ሳል የበዛበት፣ ግን የማይሰበር ድምፅ ነው። መዝሙሩ አለቀ። ቀረጻው ግን አልቆመም። በቅል ሲቀዳለት ይሰማል። ከዚያ፣ «ኡያ።»

«አልጠጣም፣ አዋ» ይላል የምህረቱ ድምፅ በወላይትኛ። አዋ አባት ማለት ነው።

«ከቤቴ ጉሮሮህ ሳይርስ ልትሄድ?»

«ቃል አለብኝ፣ አዋ። ይቅር በሉኝ።»

«ናቅኸኝ ማለት ነው።»

«አልናቅሁም። አልጠጣም እንጂ አልናቅሁም።»

ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣና ቀረጻው አለቀ። ቅሉ የተገለበጠው ያኔ፣ ቀረጻውን አጥፍቶ ሊነሳ ሲል ነው። ከመዝሙሩ በኋላ ያለው ንግግርም አብሮ እንደተቀዳ ምህረቱ ራሱ ልብ አላለም ነበር።

ጋሽ አንጁሎ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን ውሃ ነው አልከኝ?»

ምህረቱን ቀድሜ እኔ መለስኩላቸው። «ጋሼ፣ ፓርሶ ሲል እርስዎ መጀመሪያ የጠየቁት ምን ነበር? ‹ጠጣህ?› ነው። ‹ምን ሆንክ?› አላሉም። የእኔም ሸሚዝ ሲሸት የጠረጠሩኝ እንደዚያው ነው።»

«አንተ ደግሞ ቂም አትረሳም» አሉኝ።

«ሽታው አልለቀቀኝማ።»

ከድር ከወዲያ «እውነቱን ነው!» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

መዝሙሮቹ ጉባኤው ላይ ተሰሙ። ምህረቱ የሰማቸው ከኋላ ወንበር ሆኖ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ዋሸ ለጥቂት ጊዜ ከመድረክ አገዱት። ብዙ ሰው ጨከኑበት አለ። እኔ ተስማምቻለሁ። ልጆቼም ቢሆኑ አግዳቸው ነበር። የማልስማማው ሳያዩ «ውሃ ነው» ብለው የመሰከሩትና ቻርጀሩን ሊሰኩ የተሽቀዳደሙት ሰውዬ ፊት ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው።

ዛሬ ጠረጴዛዬን ለቅቄያለሁ። ወጣት ጠጋኞች ምክር ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንን ነው። ምህረቱ ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክርለት ድምፅ ያለው እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር፤ ሊያቃጥለው የነበረውም የራሱ ውሸት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ከዚያ ምን እንደፈሰሰ ጠይቁ። «ውሃ ነው» ካሏችሁ አንድ ፊደል ተጫኑና ደግማችሁ ጠይቁ።