ጳጉሜን የማያውቅ መድኃኒት

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከቆዳ ሥር ስለምትቀበር አንዲት ኢምንት ቺፕ ነገረኝ። መድኃኒት ይሞሉባትና ይቀብሯታል፤ ከውጭ ገመድ አልባ ትእዛዝ ሲደርሳት በሰዓቷ እየመጠነች ትለቃለች አለ። ጉድ ያሰማኝ መስሎታል። እኔ ግን በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የወር ስንቄን በዳሌዬ ተሸክሜ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ልጅ ሳለሁ የቁርጥማት ትኩሳት ልቤን ነክቶት ነበርና በየአራት ሳምንቱ ወፍራም ፔኒሲሊን ዳሌዬ ላይ እንድወጋ ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ ሥጋ ውስጥ ተቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል፤ አልቆ ካልተተካ በሽታው ሊመለስ ይችላል፣ ልቤም ሁለተኛ አይችለውም ተባለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ቀጠሮዬን በማይረሳ ቀን ላይ አሰረችው፤ በየወሩ በሚካኤል።

እስከ ነሐሴ ሚካኤል ደህና ሄድን። ከዚያ ጳጉሜን መጣች። ለእናቴ ጳጉሜን ለሩፋኤል ዝናብ የምንወጣባት ናት እንጂ ቀኖቿን ማን ከቁጥር ያስገባቸዋል? እንቁጣጣሽ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ ጉልበቴም ይግል ጀመር። እናቴ ግንባሬን ዳብሳ፣ ሚካኤል ደርሷል፣ ትንሽ ታገሺ አለችኝ። እኔ ፈርቻለሁ፤ ግን በሚካኤል ላይ ምን አፍ አለኝ?

ጎረቤታችን መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ነበረች። ወሯን የምትቆጥረው በጨረቃ ነው። ልትጠይቀን ገብታ ተኝቼ ስታየኝ መቼ እንደተወጋሁ ጠየቀች። እናቴ ነገረቻት። የእናቴን ነጠላ ከግድግዳው አውርዳ አቀበለቻት።

«አቦ፣ ያኔ የነበረችው ጨረቃ ዞራ መጥታ አልፋለች። ይቺ ልጅ ምን ትጠብቃለች?»

እናቴ ሚካኤልን አለች።

«ሚካኤል እዚያው ያገኘናል። ተነሽ፣ ጋሪ እንጥራ።»

የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻግረን ከዚራ ሰፈር ካለው ክሊኒክ ደረስን። በመንገድ ሁሉ እጄን የያዘችው ጎረቤታችን ናት፤ እናቴ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ድሬሰሩ በጣቱ ቆጥሮ መርፌውን እያዘጋጀ፣ «እናት፣ መድኃኒቱ ጳጉሜን አያውቅም» አላት። እናቴ አልሳቀችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ በገዛ እጄ ልገድላት ነበር እያለች አለቀሰች። ጎረቤታችን አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁላችንም አላህ በሰጠን አቆጣጠር ነው የምንቆጥረው ብላ አባበለቻት።

በሽታው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ግን ቀጠሮዬ ከሚካኤል ወደ ጎረቤታችን ተዛወረ። ቀኑ ሲደርስ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በራችንን ታንኳኳለች፤ እናቴም እያወቀች እንኳ እስክታንኳኳ ትጠብቃለች። አድጌ ራሴ መቁጠር ከቻልኩ በኋላም አላቆመችም፤ እኔም ተይ አላልኳትም፤ እወዳት ነበር።

የእህቴ ልጅ ቺፗ ማንም ሳያስታውሳት ሁሉን ትሠራለች ይላል። እሰየው፣ ስንቱን እናት ከጭንቀት ታሳርፋለች። ጎረቤታችን ካረፈች ቆየች፤ ልቤ ግን ይኸው ዛሬም ይመታል። ጨረቃ ዞራ ስትመጣ ጆሮዬ አሁንም በሩ ላይ ነው።