ቤት የሌለው ሲኒማ

አሁንም መኪና ውስጥ ሬዲዮው ከጣቢያው ፈቀቅ ብሎ ሽሽሽ ማለት ሲጀምር እጄ ይቀድመኛል፤ አጠፋዋለሁ። ባለቤቴ "ምን አደረገሽ?" ይለኛል። ምንም አላደረገኝም። በዚያ ድምፅ ውስጥ ግን የቅቤ ፈንዲሻ ሽታና የእናቴ ትከሻ አሉ፣ ይህን ደግሞ የትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ለሰው ማስረዳት አይቻልም። ላንተ ረጋ ብዬ ልንገርህ።

ኦሮራ የምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ነበር የምንኖረው። ያኔ እኔ የሃይ ስኩል ተማሪ ነኝ፣ አባቴ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ሰመር ሲመጣ ቅዳሜ ማታ እኔንና ትንሹን ወንድሜን በቫን ጭኖ ከከተማው ወጣ ወዳለ ድራይቭ ኢን ይወስደን ነበር። ቦታው ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ ነው። ከፊት የፎቅ ግድግዳ የሚያህል ነጭ ስክሪን ቆሟል፣ መኪኖቹ ወደ እሱ ዞረው ይደረደራሉ፣ ድምፁ በየመኪናው ሬዲዮ ይገባል። ፀሐይዋ ከተራሮቹ ጀርባ እስክትወርድ መስኮት ከፍተን እንጠብቃለን፤ በምሥራቅ በኩል ሜዳው ላይ መብረቅ ድምፅ ሳያሰማ ብልጭ ይላል።

ቸርቻችን ሲኒማ ቤት መግባትን ከመጠጥ ቤት ለይቶ አያየውም ነበር። አባቴ ግን መላ አያጣም። "ይሄ ቤት የለውም። ቤት ከሌለው ሲኒማ ቤት ገቡ ሊባል አይችልም" አለን አንድ ቀን፣ ፈገግም ሳይል። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ስሙ ቤት የሌለው ሲኒማ ሆነ። እናቴ ግን አንድም ቀን መጥታ አታውቅም ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ስለምትሠራ ቅዳሜ ማታ የእሷ አልነበረም።

የመጣችው አንዴ ብቻ ነው፤ የመጨረሻችንም እሱ ሆነ።

በዚያ ሳምንት አባቴ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ለብቻዬ ጠራኝ። ከሆሳዕና ተደውሎለት ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እናታቸው ስትሞት እሷ ራሷ ልጅ ሆና አዝላ ያሳደገችው፣ ሞቷል። መርዶው እሑድ ንጋት ላይ እንዲነገራት የቸርቹ ሽማግሌዎች ተስማምተዋል። "እስከዚያ ከማንም እንዳትሰማ፣ አደራ" አለኝ። "ስልኳ አንቺ ጋ ይሁን።" ሐበሻው ሁሉ ሰምቷል። ኦሮራ ውስጥ ሱቅም ሆነ ቸርች ብትሄድ አንዷ አቅፋት ታለቅሳለች። ስለዚህ አባቴ ማንም ሐበሻ የማያገኛትን ቦታ አሰበ፣ ከሥራዋም አስፈቀዳት።

በመንገድ ላይ ደስ ብሏት ነበር። "ካርድ ገዝቻለሁ" አለች፣ "ነገ ከቸርች መልስ ለወንድሜ እደውልለታለሁ። ሰሞኑን ድምፁ ጠፋብኝ።" ስልኳ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ኦፍ አድርጌውም ይጠራል ብዬ እፈራለሁ። ጠላሁት አባቴን ያን ሰዓት፣ ራሴንም፣ ያንን የሚያውቀውንም ሰው ሁሉ።

ፊልሙ ውሻ ያለበት ቀልድ ነገር ነው። እናቴ እንግሊዝኛውን ተወችውና ውሻውን ተከተለች። ከስክሪኑ የሚመጣው ብርሃን ፊቷ ላይ ይመላለሳል፣ እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ወንድሜ ምንም አያውቅም። ከኋላ አንገቱን አስግጎ "ማሚ፣ ዱ ዩ ላይክ ኢት?" አላት። "ላይክ አድርጌዋለሁ" አለችው፣ ሳቁ ሳይበርድላት። ያን ሳቅ ነገ እንደሚወስዱባት አውቄ ማየት ከበደኝ።

አባቴ ወርዶ ሄዶ ሆት ዶግ፣ ፈንዲሻና ችፕስ ታቅፎ ተመለሰ። ሁሉንም እሷ ጭን ላይ ደረደረው። "ብይ" አላት። በላች። "ጨምሪ።" ትንሽ ጨመረች። "ኧረ ጠገብኩ፣ ለልጆቹ ስጣቸው።" አባቴ ከዳቦው ቆርሶ ወደ አፏ አስጠጋና "በሞቴ" አላት።

እኛ ቤት በሞቴ አይባልም። አባቴ ጌታን ካገኘ ወዲህ ምሎ አያውቅም፤ እንግዳ "በሞቴ አፈር ስሆን" ብሎ ሲለምነን እንኳ እሱ ነበር የሚያርመው። መርዶ የሚነገረውን ሰው ደግሞ ቀድሞ ማብላት ግድ ነው፣ ከተረዳ በኋላ እህል አይቀምስማ። አባቴ ያቺን ጉርሻ ለማጉረስ ሲጨነቅ የድሮው ምላሱ አመለጠው።

እናቴ ማኘኳን አቆመች። እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን ቀነሰችው።

"ማነው?" አለች።

"ማን?"

"እሱ ነው?"

የአባቴ እጅ ወደ መኪናው ቁልፍ ሄደ፤ ያዘችው። "ተው" አለች በቀስታ። "ልጁ ይጨርስ።" ወንድሜ ከኋላችን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ በውሻው ይስቃል። ግራና ቀኙ መኪና ነው፣ በየመኪናው ሰው ይበላል ይስቃል። እዬዬ ብላ ደረቷን የምትደቃበት፣ ሰው ደግፎ የሚይዛት ቦታ አልነበረም። ሬዲዮውን መልሳ ልታነሳው ስትል የጣቢያውን ማዞሪያ ነካች፣ ያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ መኪናውን ሞላው። ማንም አላስተካከለውም። ትከሻዋ ላይ እጄን አኖርኩ፤ ከላይ ዝም ያለ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዞር ብላ አላየችኝም። አባቴ የያዘውን ጉርሻ ከእጁ ተቀብላ ጎረሰችው፣ የቀረውንም ሆት ዶግ እስከ መጨረሻው በላች።

ቤት ስንገባ አባቴ የተኛውን ወንድሜን ተሸክሞ ወደ መኝታ ቤት አለፈ። እናቴ ሶፋው ላይ የነበረውን ልብስ አነሳች። ከምግብ ጠረጴዛው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያመጣች ሳሎኑ ውስጥ ዙሪያውን ደረደረቻቸው፤ አልበቃ ሲሉ ከእኔ ክፍል የማጥኛ ወንበሬን ጨመረች። ከዚያ ገብታ የሌሊት ልብሷን ለብሳ ወጣች።

"እማዬ" አልኳት።

"አባትሽ አደራ ተቀብሏል፣ ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳናሳፍረው" አለችኝ። የሳሎኑን መብራት አጠፋች። "ሂጂ አሁን ተኚ። መጥተው ይቀሰቅሱናል።"