ደሴቱ ላይ ያገኘነው ልጅ

የሽንኩርት ማሳችን ውኃ ሲጠጣ የሚወጣው የእርጥብ ጭቃ ሽታ፣ ዛሬም ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሜ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደርሰኛል።

አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ ወንድሜ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ስልኩ ጠፋ፤ ሞቷል ወይም ተርፏል የሚለን ሰው አጣን። እናቴ በየሆስፒታሉና በየመጠለያው ስትዞር ከረመች። በመጨረሻ አንድ የሰፈራችን የጭነት መኪና ሹፌር፣ "ዝዋይ፣ ደሴቱ ላይ እሱን የሚመስል ልጅ አይቻለሁ፤ አነጋገሩም የኛው አገር ነው" አላት። በማግስቱ እኔን አስከትላ ተነሣች።

ያን ዕለት የሚሻገረው የጎብኚዎች ጀልባ ብቻ ነበር፤ ለምነን ተሳፈርን። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ታብረቀርቃለች፤ ወጣቱ አስጎብኚ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ደሴቱ ነዋሪዎች ስለ ዛዮች ይነግረናል፦ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው፣ ሐይቁ መሃል ሃይማኖታቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን ጠብቀው እንደኖሩ። ጎብኚዎቹ ፎቶ ያነሣሉ። የእናቴ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነበር።

ስንወርድ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዓሣ ሽታ ተቀበለን። አስጎብኚው በድንጋዩ እርከን በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሊያወጣን ሲል እናቴ እጁን ይዛ፣ "የምጠይቀው ሰው አለ" አለችው።

"እናቴ፣ ጉብኝቱ ሲያልቅ እንጠይቃለን" አላት።

"ልጄ፣ እኔ ለጉብኝት አልመጣሁም። ልጅ ጠፍቶብኝ ነው።"

አስጎብኚው ከእርከኑ ተመለሰ። ከዚያ ጎብኚዎቹን አስቁሞ፣ ደጃፋቸው ላይ ለተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት በቋንቋቸው የሆነ ነገር ነገራቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው ቁልቁል ወደ ዳርቻው ተጣሩ።

አንድ ልጅ መረብ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ትከሻው፣ አረማመዱ፣ ቁርጥ ወንድሜ! እናቴ "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" እያለች ሮጠች፤ ሻርፗ ሲወድቅ እንኳ አላየችውም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ከዚያ እጆቿ ቀስ ብለው ወረዱ።

"እትዬ፣ እኔ ከአጣዬ አጠገብ፣ የካራቆሬ ልጅ ነኝ" አላት ግራ ገብቶት።

መሬት ላይ ዘጭ አለች። አላለቀሰችም። ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሰማ ነበር፤ የምትሞትብኝ መሰለኝ። ቀና አለችና፣ "እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?" አለችው።

ልጁ አቀረቀረ። "በዚያ ግርግር ትቻት ሮጥኩ። አሁን ምን ብዬ ልደውል?"

"ቁጥሯን ንገረኝ።"

ስልኬን ተቀብላኝ ራሷ ደወለች። "እህቴ፣ አታውቂኝም። ልጅሽ በሕይወት አለ። ወላሂ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው።"

ከስልኩ የወጣው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ ተቀብሎ "እማ" ሲል ጎብኚዎቹ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ።

እሱ ካራቆሬ ገባ። የኔ ወንድም አልተገኘም። ዒድ በመጣ ቁጥር የልጁ እናት ይደውላሉ። እናቴ ስልኩን ለእኔ ታቀብለኝና ቀስ ብላ፣ "ደህና ናት በያቸው" ትለኛለች። እኔ ሳወራ እሷ ወጥታ ደጁን ትጠርጋለች፤ ጠዋት የጠረገችውን ደጅ።