ጫፍ አቀብሉኝ

ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ ጎበዝ የሚለኝ፣ ለራሴ ግን ምንም የማይገባኝ ተማሪ ነበርኩ። ይህን ጉድ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ከነነጥቡ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን ባለው የአንድ ሰዓት መንገድ እየደጋገምኩ እሸመድደዋለሁ፤ ፈተና ሲመጣ እንዳለ እዘረግፈዋለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል አንደኛና ሁለተኛ እየወጣሁ የዘለቅሁት በዚህ ነው። የዘረገፍኩት ነገር ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀኝ ስላልነበረ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ጉዴ ፈላ። ዘመሮ ወዳለው ትምህርት ቤታችን ከደብረ ብርሃን አንድ ወጣት የሳይንስ መምህር ተመድቦ መጣ። የመንዝ ብርድ አልስማማው ብሎ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ የሚያስተምር ቀጭን ሰው ነበር። የሱ ፈተና «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ለምን?» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ለ«ለምን» የሚሆን አንድም ነገር አልነበረኝም። እንዲያ ሳይንሱ ላይ የጀመረኝ መንሸራተት ወደ ሒሳቡም ተሻገረና በዓመቱ መጨረሻ ወደቅሁ።

አባቴ ማንበብ ባይችልም ካርድ ላይ ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አገላብጦ አየና፣ «አንዴ መውደቅ ያለ ነው፤ ድገሚ» አለኝ። «ለከርሞም ከወደቅሽ ግን ይበቃሻል። እናትሽም አጋዥ ያስፈልጋታል፤ ጠጉር እየፈተልሽ ቤት ትቀመጫለሽ።» አልተቆጣም፤ ያስፈራኝም አለመቆጣቱ ነው። አባቴ ጮኾ የተናገረውን በማግስቱ ይረሳዋል፤ ቀስ ብሎ የተናገረውን ግን አንድም ቀን ሲያጥፈው አላየሁም።

ጠጉር መፍተሉን አልጠላውም ነበር። እንዲያውም ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት እንዝርቴን ይዤ ወደ አባባ ማሙሸት ቤት የምሄድበት ነበር። አባባ ማሙሸት የአባቴ አጎት ናቸው፤ ከበግ ጠጉር ባና፣ ሌሊት የምንለብሰውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ይሠራሉ፤ እኛ አገር ያለ ባና አንድ ሌሊት የሚያድር የለም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጠጉር የሚፈትልላቸው ስላጡ፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ከራት በፊት እየሄድን እንፈትልላቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ በተረት ይከፍሉናል። ያኔ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነው ያ ቤት፣ ምድጃው ላይ የኩበቱ ፍም እየቀላ፣ ጭሱ ክዳኑ ውስጥ እየተሰገሰገ፣ የኩራዙ ብርሃን በሩ አጠገብ ባለው የሸማኔ ጉድጓዳቸው አፋፍ ላይ እየተወዛወዘ፣ ለእኔ ከማውቀው ቤት ሁሉ የሚበልጥ ቤት ነበር።

አባባ ማሙሸት ቁጡ ናቸው። ያለ ስድብ አንድ ተረት አይጨርሱም። ደግሞም እንደ ሌላው ሰው «ከዕለታት አንድ ቀን» ብለው አይጀምሩም። እጃቸውን ወደኛ ይዘረጉና፣ «ጫፍ አቀብሉኝ!» ይላሉ።

ነገሩ ከፈትል የመጣ ነው። ጠጉር የፈተለ ያውቀዋል፤ አዲሱ አመልማሎ እንዝርቱ ላይ ካለው ክር ጫፍ ጋር ካልተያያዘ፣ እንዝርቱን ቀኑን ሙሉ ብታሾሩት ጠጉሩ እጃችሁ ላይ ይቀራል እንጂ ክር አይሆንም። እሳቸውም ተረት እንዲህ ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዳችን የዚያን ቀን ያየነውን ነገር መናገር አለብን። አንድ ማታ ትንሹ ወንድሜ፣ «ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሳችንን ሲበላ አየሁ» አላቸው። «እሰይ! ከፊት ከፊቱ ነው የሚነጨው ወይስ መርጦ?» አሉት። «መርጦ።» «እንግዲያው ዳኛ ነበር ማለት ነው» ብለው፣ ለበጎች ሊፈርድ ተቀምጦ እሸቱን እየመረጠ ስለበላ ጭላዳ ጀመሩ። ወንድሜ ያን ተረት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ጭላዳው የሱ ነዋ።

እኔ እዚያም ቤት ሽምደዳዬን አልተውኩም። አንድ ቀን ይህንኑ ተረት አንዲት ቃል ሳልስት በቃሌ ተወጣሁትና ጭብጨባ ስጠብቅ፣ አባባ ማሙሸት አፍንጫቸውን ነፉ።

«እና ጭላዳው በመጨረሻ ለምን ገደል ገባ?» አሉኝ።

ያላሉትን ከየት ላምጣው?

«ኤዲያ! ቃሌን ወሰድሽ፤ ተረቴን እዚሁ ትተሽዋል» አሉና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። በዚያ ቀን በጣም ተቀየምኳቸው።

ሰባተኛን በደገምኩበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር ውርጩ ሜዳውን ነጭ የሚያደርግበት፣ የኩሬው ውሃ እንደ መስታወት የሚረጋበት ወር ነው። አንድ ዓርብ ጠዋት ያው የሳይንስ ቲቸር አንድ የረጋ ውሃ ቁራጭ ይዞ ክፍል ገባ።

«ይህን በረዶ ባና ውስጥ ብጠቀልለው፣ ሌላውን ደግሞ እንዲሁ ድንጋይ ላይ ብተወው፣ ቶሎ የሚቀልጠው የቱ ነው?» አለ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ባናው ውስጥ ያለው!» ብሎ ጮኸ። ከሁሉም ቀድሞ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነበር። ምን ያጠያይቃል? ተወልደን ያደግነው ባና ውስጥ ነው፤ ባና እንደሚሞቅ ለመንዝ ልጅ ይነገረዋል? ቲቸር ፈገግ አለ። «የሺ፣ ሱፍ ምን ዓይነት አስተላላፊ ነው ብለን ነበር?» አለኝ። «ሱፍ ደካማ የሙቀት አስተላላፊ ነው!» ብዬ ከደብተሬ እንደወረደ አልኩለት። «ጎበዝ። እና በረዶው?» «ባናው ውስጥ ያለው ይቀልጣል፣ ቲቸር!» ሁለቱን ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ተናገርኳቸው፤ እርስ በርስ እንደሚጣሉ እንኳ አልታየኝም። እሱ መልሱን አልነገረንም። «ሰኞ ምክንያቱን ንገሩኝ። የሰኔው ፈተና እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የሚበዛበት» ብሎን ወጣ። ከሰኔ በኋላ የሚጠብቀኝ የእናቴ እንዝርት ታየኝ።

የዚያን ዕለት ምሽት አባባ ማሙሸት እጃቸውን ዘርግተው «ጫፍ አቀብሉኝ!» ሲሉ እንባዬ መጣ። «አባባ፣ በረዶ በባና ቢጠቀለል ይቀልጣል?» አልኳቸው። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። አገጫቸውን እያሻሹ ወደኔ ዞሩ።

«ሰው ያልተኛበትን ባና ጠዋት ብትነኪው ይሞቃል?»

«ኧረ አይሞቅም። እንደ ድንጋይ ነው የሚቀዘቅዘው።»

«አንቺ ከገባሽበት በኋላስ?»

«ይሞቃል።»

«እና ሙቀቱን ማን አመጣው?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አንድ በረኛ ነበር። ስሙ ባና ይባላል። የሚጠብቀው ቤት ውስጥ ሙቀት የምትባል እመቤት ትኖራለች። የበረኛው ሥራ በሩን ገጥሞ መቆም ብቻ ነው፤ የውጪውን አያስገባ፣ የውስጡን አያስወጣ። መንገደኛ ሁሉ እመቤቲቱ ከቤት ስለማትጠፋ በረኛው የሚያመጣት መሰለውና እሱን ያመሰግነው ጀመር። ያም ደደብ ምስጋናውን ዝም ብሎ ይቀበላል። አንድ ቀን እመቤቲቱ ለቅሶ ሄደች። በዚህ መሃል ውርጭ ከጓሳ ሜዳ እየተንደረደረ መጣ፤ ፀሐይ እያባረረችው ነው። ‹ወንድሜ በረኛ፣ በአምላክ ይዤሃለሁ፣ ደብቀኝ!› አለው። አስገባውና በሩን ገጠመ። ፀሐይ ደርሳ በሩን ደበደበች። ‹ክፈት! ያ ወስላታ እዚህ ገብቷል!› በረኛው ምን ይላታል?»

የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እንዝርቴ ቆመ። ከደብተሬ የማወጣው ነገር አልነበረም። ሌሊት ሌሊት የምለብሰውን ባናችንን አሰብኩ፤ መጀመሪያ ስገባበት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ እንዴት የራሴ ትንፋሽ እንደሚሞላው አሰብኩ።

«ሥራዬ መዝጋት ነው፤ ውስጥ ማን እንዳለ አልጠይቅም ይላታል» አልኩ።

«ታዲያ ውርጭ ምን ሆነ?»

«አልቀለጠም! አባባ፣ ባናው ውስጥ ያለው አይቀልጥም!»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉኝ። «ጠዋት ኑና ራሱን ውርጩን እንጠይቀዋለን።»

ያደርጉታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ብንሄድ፣ ለገበያ ያዘጋጁትን፣ ዳሩ ገና ተሰፍቶ ያለቀውን ባና ይዘው ደጅ ቆመዋል። «አባባ፣ ይሄ እኮ አዲስ ነው፤ ይበላሻል» ብላቸው፣ «አሮጌው ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳ ባና እንዴት ይመሰክርልሻል?» ብለው ተቆጡኝ። ከኩሬው እኩል የሆኑ ሁለት ቁራጮች ሰበርን። አንዱን ድንጋይ ላይ አኖርነው፤ አንዱን ከነጭቃው አዲሱ ባና ውስጥ ጠቀለልነው። ከዚያ ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች። ድንጋዩ ላይ ያለው ላብ ላብ አለው፣ ቀጠነ፣ በመጨረሻም እርጥበት ብቻ ሆኖ ቀረ። አባባ ማሙሸት ተንበርክከው ባናውን ገለጡት። በረዶው ጠርዙ ትንሽ ለስለስ ብሎ፣ ቁጭ ብሏል።

እኚያ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ጥለው አጨበጨቡ። «በስመአብ! በስመአብ! ኧረ በረኛው አላሳፈረንም!» እያሉ በረዶውን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ያሳዩ ጀመር። ባናው ነጩ ላይ ጥቁር ጭቃ ጠጥቶ ኖሮ ታጥቦም አልለቀቀም። ገበያ ሳይወጣ ቀረ።

ሰኞ ለቲቸር በረኛውን ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ የተማርኩትን ሁሉ ማታ ማታ አባባ ማሙሸት ዘንድ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ግን አንዳች ነገር ስነግራቸው፣ «ቆይ፣ ይሄ የምናውቀው የቱን ይመስላል?» ብለው ሳያስጨንቁኝ አይለቁኝም። ክፍልፋይ ስነግራቸው የቅርጫ በሬ አነሱ። «ለስምንት ቤት የታረደው ለአራት ቤት ቢሆን የእያንዳንዱ ቤት መደብ ያድጋል ወይስ ያንሳል?» አሉኝ፤ ከስር ያለው ቁጥር ሲበዛ ድርሻው ለምን እንደሚያንስ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሸመድደው የኖርኩት ነገር እኮ ነው! ሁልጊዜ ይሳካልን ነበር ማለቴ አይደለም። ስለ ኤሌክትሪክ ስንነጋገር ሁለታችንም ጠፍተን አንድ ሳምንት ተኳርፈናል።

ሰኔ ደረሰ። የሳይንሱ ፈተና የመጨረሻ ጥያቄ ስለ በረዶም ስለ ባናም አልነበረም። «የሣር ክዳን ቤት ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ቀን የሚቀዘቅዘው፣ ሌሊት የሚሞቀው ለምንድን ነው?» ይላል። ደብተራችን ውስጥ ፈጽሞ የለም። አንዳንዱ ተማሪ «አልተማርነውም!» ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን የአባባ ማሙሸትን ክዳን ቀና ብዬ ያየሁ ያህል ታየኝ፤ እዚያም ላይ በረኛ አለ። ጻፍኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ሩጫዬ ወደ አባቴ ነው። እጁን ጠራርጎ ተቀበለኝና ፊቱ ጠቆረ፤ ከመልሴ ስር ሁለት መስመር ሙሉ በቀይ ተጽፏል።

«ይሄ ሁሉ ቀይ!» አለ።

«አባዬ፣ ስህተት አይደለም፤ ላንብብልህ። ‹የጓሳውን ክዳን በረኛ ያደረግሽው አንቺ ራስሽ ነሽ። ይህን እኔ አላስተማርኩሽም፤ ሙሉውን አግኝተሻል› ነው የሚለው። አልፌያለሁ።»

አባቴ ቀዩን በጣቱ ሲዳስስ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «በይ እንግዲህ፣ ለመስከረም ደብተር ይገዛል» አለ። ቀስ ብሎ ስለተናገረው አለቀስኩ።

ለአባባ ማሙሸት ስነግራቸው ግን አልጮኹም፤ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ማታ እኔም አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ባና ስሠራ ባና ይሞቃል እያልኩ ነው የኖርኩት። አንቺ ጫፉን ስታቀብዪኝ ነው እየተረትኩ የገባኝ። ጠዋት በረዶውን ሳየው ያጨበጨብኩት ላንቺ ብቻ መስሎሻል?» ብዙ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በዚያ ዕድሜያቸው አላውቅም ብለው አዲስ ባናቸውን ጭቃ ላይ የሚያነጥፉ ግን ሌላ አልገጠሙኝም። ዛሬም ሳስባቸው እኮራባቸዋለሁ።

አሁን መሐል ሜዳ ከተማ ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍል ስገባ ጠመኔ ከማንሳቴ በፊት እጄን ዘርግቼ «ጫፍ አቀብሉኝ» እላለሁ፤ ልጆቹ ያንን ስለለመዱት ከመንገድ ያዩትን ይዘው ይጠብቁኛል። አንዳንዴ ምንም የሚያያዝ ነገር አጥተን ክፍለ ጊዜው ያልቅብናል።

ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ልገባ በሄድኩበት ጠዋት አባባ ማሙሸት ያንን ጭቃ የጠጣ ባና ጠቅልለው መኪናው ድረስ አምጥተውልኝ ነበር። «በረኛሽን ያዢ» አሉኝ፤ «እሱ እንደሆነ አንዳች አይሰጥሽም፤ የሚያኖረው አንቺ ያመጣሽውን ነው።» እሳቸው ዐርፈዋል። ባናው አልጋዬ ላይ ነው። ሁልጊዜ ማታ መጀመሪያ ስገባበት ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ እታገሣለሁ።