በአዲሱ እትም ያልነበረው መቃብር

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በዲቪ ከመጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ካርታ የመገልበጥ ሥራ ጀመርኩ። የወረቀቱን ካርታ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንለጥፈዋለን። ከዚያ ማውዝ የምትመስል፣ ጫፏ ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት መስታወት የተገጠመላት መሣሪያ ይዘን መንገዱን፣ አጥሩን፣ የደረቀውን ወንዝ፣ የመሬቱን ከፍታ የሚያሳየውን መስመር አንድ በአንድ በእጃችን እንከተላለን። የተከተልነው ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ወረቀቱን ፀሐይ እንዳይመታው ነው ይሉናል፤ እኛ ግን ዝናብ መዝነቡን ፀሐይ መውጣቱን የምናውቀው ወደ ቤት ስንሄድ ነው።

ሥራውን ያስገኙልኝ ከአጠገቤ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አገር ቤት ሃያ ዓመት በካርታ ሥራ አገልግለው፣ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ሰው ናቸው። ኦክላንድ ውስጥ፣ ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። «እጅሽ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ሥራ አለ» አሉኝ። እኔም እዚያው ኦክላንድ ስለምኖር ጠዋት ጠዋት በእሳቸው መኪና አብረን እንሄድ ጀመር።

መጀመሪያ የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ፍሪዌይ ልንገባ ስንል መኪናውን ዳር አቆሙና ቁልፉን ሰጡኝ።

«ጉልበቴን ይዞኛል፤ አንቺ ንጂ።»

ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዙም። ደረጃ ሲወጡ ግን ጉልበታቸው ምንም አይላቸውም ነበር። ነገሩ የዓይን መሆኑ የገባኝ የገለበጡትን ካርታ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ሳይ ነው፤ የከፍታው መስመር መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ወይም ዘሎ ሌላ መስመር ይይዛል። ሱፐርቫይዘራችን ሁለት ጊዜ መለሰባቸው። እኔም ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ ፋይላቸውን እየከፈትኩ የተበጠሰውን እቀጥል ጀመር። አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ዝናቡ ሲጀምር ከምዕራብ ቴክሳስ የአንዲት የበረሃ ከተማ ካርታዎች መጡልን። አንድ ቦታ ነው፣ በአራት የተለያየ ዘመን የታተመ። በመጀመሪያው ላይ ከተማዋ ባቡር ጣቢያ፣ ጥቂት ቤትና ከብት የሚጫንበት በረት ብቻ ናት። ከዚያ ውጪ የከብት አርቢዎች አጥር፣ በነፋስ የሚሠሩ የውሃ ፓምፖች፣ በረሃ። በሁለተኛው ነዳጅ ተገኝቷል፤ የጉድጓድ ምልክት የሆኑት ትንንሽ ክቦች ወረቀቱን እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ሞልተውታል። በሦስተኛው ትምህርት ቤት፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አዲስ ሰፈር። በመጨረሻው ደግሞ ሰፈሩ ሳስቷል፤ ጣቢያው የለም፣ ክቦቹ ግን አሉ። የታዘዝነው የመጨረሻውን እትም ብቻ እንድንገለብጥ ነበር። ቧንቧ የሚዘረጋ ድርጅት ቸኩሎበታል ተባልን።

ሽማግሌው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ግን አሮጌዎቹን አጠገባቸው ሳይዘረጉ አይሠሩም ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ጊዜ ያባክናሉ እያለ ይነጫነጫል። አንድ ማታ ስንመለስ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ኦጋዴን ካርታ እንሠራ ነበር» አሉ። «ነዳጅ ለሚፈልጉ ሰዎች። አንድ የውሃ ጉድጓድ ከቀድሞ ካርታ ገለበጥኩ፤ ሄጄ አላየሁትም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ደርቆ ኖሯል። አንድ ሾፌርና ረዳቱ መኪና ቢበላሽባቸው ካርታዬን አምነው በእግራቸው ወደዚያ ሄዱ።»

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው የተገኙት።»

ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ ድንገት ተነሥተው ሱፐርቫይዘሩን ጠሩት። «እዚህ መቃብር አለ» አሉት። ሁለተኛው እትም ላይ፣ ከባቡር ሐዲዱ በታች፣ የቀን ሠራተኞቹ ሰፈር ከነበረበት አለፍ ብሎ ነው። በአዲሱ እትም ያ ቦታ ባዶ ነው፤ ሦስት የነዳጅ ጉድጓድና አንድ የመኪና መንገድ ብቻ። «ቧንቧው የሚያልፈው በዚህ ከሆነ ሰዎቹ ማወቅ አለባቸው» አሉ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው።

ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ አየ። ወረቀቱ ልክ እዚያ ጋ ታጥፎ ተልጧል፣ እድፍም ነበረበት።

«እድፍ ነው» አላቸው።

«መቃብር ነው። ነጥብ ነጥብ ያለው አጥር አለ፣ መሐሉ ላይ መስቀል አለ።»

ሱፐርቫይዘሩ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ? ምን ይታይሻል?»

ጎንበስ አልኩ። ታየኝ። ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ መስቀል፣ ዙሪያዋን የነጥብ አጥር። ግን አገር ቤት ላለው ወንድሜ ኢሚግሬሽን ፎርም ከሥራ ቦታ የምፈልገው ደብዳቤ ገና አልተፈረመልኝም ነበር። ደግሞ ሰውየው ወረቀቱን ትቶ ፋይላቸውን መመርመር ከጀመረ የኔ እጅ እንዳለበት ያውቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈብኝ።

«አይ ኣም ናት ሹር» አልኩ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ጋሼ አላዩኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ዓርብ ዕለት ሌይ ኦፍ ተደረጉ፤ ከሥራ ተቀነሱ። እቃቸው አንድ ካርቶን እንኳን አልሞላም። ዝናቡ ከባድ ስለነበር ቀስ ብዬ ነዳሁ። በራቸው ላይ ስንደርስ ወዲያው አልወረዱም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ታይቶሻል?»

«አዎ ጋሼ። መስቀል ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ። የሌለ ነገር ማየት ጀመርኩ ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።»

በዚህ ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እሳቸው በሩን ከፍተው በዝናቡ ውስጥ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ።

ሰኞ ያ ካርታ ለኔ ተሰጠኝ። መቃብሩን አስገባሁት። አራት ማዕዘኑን ነጥብ በነጥብ ተከትዬ፣ ከሁለተኛው እትም የተወሰደ ብዬ ጻፍኩበትና ማንንም ሳልጠይቅ ፋይሉን ላክሁ። ሱፐርቫይዘሩ ይየው አይየው አላውቅም። ቧንቧው በየት እንዳለፈም የነገረን የለም። የሚያሳፍረው፣ ስጠየቅ ያጣሁትን ድፍረት ሰኞ ያገኘሁት ደብዳቤው ከተፈረመልኝ በኋላ መሆኑ ነው።

ጋሼን ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው፣ ዘግይቷል አለ፤ እኔው ተረጎምኩላቸው። በመኪናው ስንመለስ መቃብሩን እንዳስገባሁት ነገርኳቸው።

«ስንት ሰው ይሆን እዚያ ያለው?» አሉ።

«ካርታው አይልም ጋሼ።»

«አዎ፤ አይልም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በዓመቱ ሳን ፓብሎ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤታቸው ወሰዷቸው። መጀመሪያ በየቅዳሜው እየሄድኩ ጋዜጣ አነብላቸው ነበር። ከዚያ ኩፐርቲኖ አዲስ ሥራ ያዝኩ፣ ወንድሜ መጣ፣ ቅዳሜው በወር አንዴ ሆነ፣ ቀጥሎም በበዓል ብቻ። መጨረሻ ላይ ስሄድ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላም እስክላቸው ድረስ ማን እንደሆንኩ አላወቁም። ካወቁኝ በኋላም እጄን ይዘው የጠየቁኝ ስለ ወንድሜ ብቻ ነበር።