አመድ የሌለው ሲጋራ

ወርቁ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ሲጋራ ሸጦ አያውቅም። የጠየቀውን ሁሉ በአረብኛ «ማፊ» ይለዋል፤ የለም ማለቱ አልበቃ ብሎት ስለ ሳንባና ስለ ሲኦል ሰብኮ ይሸኘዋል። እሑድ በቸርች የምስክርነት ሰዓት ሲደርስም ማይክ ጨብጦ፣ አንዲት ፓኬት ሳይሸጥ ጌታ እንዴት እንደባረከው ይተርካል። ሚስቱ መንበረ ምስክርነቱን በቃሏ ይዛዋለች።

ከለስላሳው ማቀዝቀዣ አጠገብ ግን ባለመስታወት ሣጥን አለ። ውስጡ ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ በየቀለሙና በየፍራፍሬው ጣዕም እንደ ከረሜላ ተደርድሯል። ገዢዎቹ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ናቸው። መንበረ ይሄስ ምንድን ነው ብላ ጠይቃው ነበር።

«እሳት የለው፣ አመድ የለው። እንፋሎት እኮ ነው፤ ሻይም ይተናል» አላት።

ሰውየው ኃጢአትን የሚለየው በአመዱ ነው። ሰይጣን ራሱ ማንጎ ማንጎ እየሸተተ ቢመጣ ወንበር ይስብለታል።

አንድ ቀን የልጃቸውን የዶርቃን ዩኒፎርም ልታጥብ ስታነሳ ማንጎ ሸተታት። የማንጎ ወቅት ካለፈ ሰንብቷል። ኪሱን ስትፈትሽ ቢጫ ቬፕ አገኘች። ዶርቃ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከወጣት መዘምራኑም አንዷ። አልካደችም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር በእጅጌዋ ከልላ እንደምትስብ፣ ሳትስብ ከዋለች እንደሚያነጫንጫት ተናገረች።

«አባዬ አይደል የሚሸጠው? ክፉ ቢሆን ይሸጠው ነበር?»

በመጨረሻ እናትና ልጅ ተስማሙ፤ አባትየው መሸጡን ከተወ ልጅቷም ልትተው። ቢጫው ቬፕ እናትየው ቦርሳ ውስጥ በመያዣነት ገባ።

ወርቁ ይህን ሲሰማ ቀበቶውን ሊፈታ ተነሳ።

«በምን ጥፋቷ? እሳት የለው፣ አመድ የለው» አለችው መንበረ።

ተመልሶ ተቀመጠ። በማግስቱ ካርቶኖቹ በቦዳቦዳ ሞተር ተጭነው ሄዱ፤ ሣጥኑ ባዶ ቀረ። ዶርቃም ያን ሳምንት ጥፍሯን እየበላች፣ በሆነው ባልሆነው እየተቆጣች ቻለችው። መንበረ ባሏን የናቀችበትን ሁሉ ልትረሳለት ምንም አልቀራት።

እሑድ ወርቁ ማይኩን ያዘ። ጌታ ስለዚያ ዕቃ እንዳስጠነቀቀው፣ ቤቱንም ከክፉ እንደጠበቀለት አወራ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ፈገግ አለ።

«ጁባ ታውን፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ላለ ነጋዴ በሙሉ አስረከብኩት። ምንም ሳልከስር ጌታ አወጣኝ።»

ጉባኤው አሜን አለ። መንጻት ማለት እድፍን ለጎረቤት ማሻገር የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ የወርቁ ልዩነት በማይክ መናገሩ ብቻ ነው።

ሲወጡ ዶርቃ የመዘምራን ልብሷን ክንዷ ላይ አጣጥፋ ከእናቷ ጎን ሄደች። ጥቂት እንደተራመዱ እጇን ዘረጋች።

«እማዬ፣ መያዣዬን መልሺልኝ።»

መንበረ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘች። ከፊታቸው ወርቁ እንኳን ደስ ያለህ የሚሉትን እየጨበጠ ይሄዳል።